«ገመዱ የኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ ደግሞ ማነሽ ይለኛል?»

ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ፣ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ ቆይቶ ኢንተርኔቱ ጠፍቷል። «ልጄ እባክህ ና እየው፣ ማታ ልጅቷ ከቨርጂኒያ ትደውላለች፣ ካጣችኝ ታማ ነው ብላ እንቅልፍ አይወስዳትም» አሉኝ። ሄድኩ። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል፣ ዳንቴሉን ገለጥ ሳደርገው የፓወሩ መብራት በርቷል፣ የፋይበሩም አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፣ ኢንተርኔት የሚለው ግን ጨለማ ነው። ወዲያው ገባኝ፣ መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ልጁ ሪሴት አድርጎት ውስጡ የነበረው ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ተጠርጎ ወጥቷል።

«እማማ መጀመሪያ ሲገባልዎት የተሰጠዎት ወረቀት የለም?» አልኳቸው። ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ቡናማ ፖስታ ይዘው መጡ፣ ውስጡ የውሃ ቢል፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የልጅቷ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ፣ ሁሉ አለ። ከመሃላቸው አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ወጣች፣ በእስክሪብቶ ዩዘርኔሙና ፓስዎርዱ ተጽፎባታል። ላፕቶፔን በኬብል ሰክቼ የራውተሩን ገጽ ከፈትኩና ፒፒፒኦኢ የሚለውን (በዩዘርኔምና በፓስዎርድ የሚገባበት መንገድ ነው) መርጬ አስገባሁ። እምቢ አለ። የራውተሩ መዝገብ ላይ ኦተንቲኬሽን ፌይልድ፣ ማንነትህ አልተረጋገጠም ይላል። ደገምኩት፣ እምቢ። ሶስት አራት ጊዜ ከሞከርኩ በኋላ ኦ ብዬ ሳስገባት የነበረችው ምልክት ዜሮ መሆኗን አየሁ፣ አስተካከልኳት፣ ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ብሎ በራ።

እማማ ከኋላዬ ቆመው ሁሉንም ሲያዩ ነበር። «ቆይ ግን ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ ገመድ እኔ ቤት ነው የገባው፣ ከዚህ ወዲያ የትም አይሄድ። በየወሩ የምከፍለውም እኔ ነኝ። ታዲያ ገመዱ የኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ ምን ሊሆነው ነው ደግሞ ማነሽ የሚለኝ?»

ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ጥያቄያቸው ልክ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ የምውለው ኔትወርክ ላይ ነው፣ ይሄን ዩዘርኔምና ፓስዎርድ የሚባል ነገር ለስንት ቤትና ለስንት ቢሮ እንዳስገባሁ ቆጥሬው አላውቅም፣ እና ይሄው የእማማ ጥያቄ በ2007 የኢንተርኔትን ፕሮቶኮል፣ እቃዎቹ የሚነጋገሩበትን ደንብ ማለት ነው፣ የሚጽፉትን ሰዎች ሲያከራክር የነበረ ጥያቄ ነው። ደንበኛውን ማን ይጠይቀው፣ መቼ ይጠይቀው፣ በየትኛው ፕሮቶኮል ውስጥ ይጠይቀው የሚል ክርክር። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን ከስራዬ ጋር ስለሚገናኝ ሰነዶቹን ስከታተል ቆይቻለሁ፣ አሁን ልጻፈው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ዩዘርኔሙ ከየት መጣ? ከዳያልአፕ ነው የመጣው። እኛ ሀገር ኢንተርኔት ለህዝብ የተከፈተው በ1997 ነው፣ ያኔ ሞደሙ በስልክ መስመር ደውሎ ነበር የሚገባው፣ ያንን የሚንጫጫ ድምጽ የሰማ ሰው መቼም አይረሳውም። ስልኩን የሚያነሳው ወገን ደዋዩ ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ከቢሮ ልትደውል ትችላለህ፣ ከአክስትህ ቤት ልትደውል ትችላለህ፣ ሂሳቡን በማን ስም እንደሚይዘው ለማወቅ መጠየቅ ግዴታው ነው። ይሄን የሚሰራው ፒፒፒ የሚባል ፕሮቶኮል ነበር፣ በ1994 አርኤፍሲ 1661 ተብሎ የወጣው (አርኤፍሲ የሚባሉት የኢንተርኔት ደንቦች የሚጻፉባቸው ባለቁጥር ሰነዶች ናቸው)። ፒፒፒ መጀመሪያ መስመሩን ያስማማል፣ ቀጥሎ ማነህ ይላል፣ አይፒ አድራሻ፣ ኢንተርኔት ላይ የምትገኝበትን ቁጥር፣ የሚሰጠው ከዛ በኋላ ነው። ይቺን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፣ ኋላ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው እሷ ላይ ነው።

ማነህ የሚልባቸው መንገዶች ሁለት ነበሩ። ፓፕ ፓስዎርዱን እንዳለ ነው የሚልከው፣ መንገድ ላይ ጆሮውን የጣለ ሁሉ ያነበዋል። ቻፕ ይሻላል፣ ሰርቨሩ በየጊዜው የሚለዋወጥ ቁጥር ይልክልሃል፣ አንተ ቁጥሩን ከፓስዎርድህ ጋር ቀላቅለህ ኤምዲ5 በሚባል ተመልሶ በማይፈታ ስሌት ትፈጨውና ዱቄቱን ብቻ ትመልሳለህ፣ ፓስዎርዱ ራሱ ገመዱ ላይ አይወጣም። (የቻፕ ሰነድ ቁጥሩ 1994 ነው፣ የወጣው ግን በ1996 ነው፣ ብዙ ሰው ቁጥሩን ዓመት እያደረገ ይሳሳትበታል።) ግን ቻፕ መዘዝ አለው፣ ሰርቨሩም ያንኑ ለመፍጨት የሁሉንም ደንበኛ ፓስዎርድ ሊነበብ በሚችል መልኩ ማስቀመጥ አለበት፣ ያ ሰርቨር የተዘረፈ ቀን የሁሉም ሰው ፓስዎርድ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ከነዚህ ጀርባ ደግሞ ሬዲየስ የሚባል የደንበኞች መዝገብ የያዘ ሰርቨር ቁጭ ብሏል፣ ስልኩን የሚያነሳው እቃ «እንዲህ የሚል ሰው መጥቷል፣ ላስገባው?» ብሎ ሬዲየስን ይጠይቃል፣ ሬዲየስ ይግባ ወይ ይመለስ ይላል፣ ስንት ሰዓት እንደተጠቀመም ይመዘግባል። የኢንተርኔት አቅራቢው ቢል፣ ፓኬጅ፣ እዳ ያለበትን መቁረጥ፣ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው።

ከዛ ዲኤስኤል መጣ፣ በዛው በስልክ ገመድ የሚገባ ፈጣን ኢንተርኔት። ዲኤስኤል ላይ መደወል የሚባል ነገር የለም፣ ገመዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ የማን ቤት ገመድ እንደሆነም ይታወቃል። የእማማ ጥያቄ ትርጉም ማግኘት የጀመረው እንግዲህ ያኔ ነው። ግን አቅራቢዎቹ ያ ሁሉ የሬዲየስና የቢል ስርዓት ተገንብቶ ቆሟል፣ ማን ያፈርሰዋል? ስለዚህ ፒፒፒን እንዳለ አንስተው ኢተርኔት (ኮምፒውተሮች በኬብል የሚገናኙበት መንገድ) ላይ ጫኑት፣ ፒፒፒኦኢ ተባለ፣ ፌብሩዋሪ 1999፣ አርኤፍሲ 2516። ይሄ ሰነድ እስከዛሬ ደረጃው ለመረጃ ያህል የሚል ነው፣ የጸደቀ ስታንዳርድ አይደለም፣ ይሄው ግን ስንት ሚሊዮን ቤት በሱ ላይ ነው ያለው። በመደወል ዘመን የተሰራው «ማነህ» የማይደወልበት ገመድ ላይ ተሻግሮ ቀረ ማለት ነው፣ እማማ ቤት ዳንቴል ስር ያገኘሁትም እሱን ነው።

ዋጋ አለው ደግሞ። ኢተርኔት በአንድ ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚጓዝበት እሽግ ነው) 1500 ባይት ይሸከማል፣ ፒፒፒኦኢ ከዛ ላይ 8 ባይት ለራሱ ይወስድና 1492 ይቀራል። ስምንት ባይት ምን አላት ትሉ ይሆናል። አንድ ቢሮ ጠርተውኝ ሶስት ቀን ያሰቃየችኝ ይቺው ስምንት ባይት ናት፣ ጉግል ይከፍታል፣ ኢሜይል ይገባል፣ አንዳንድ ሳይት ግን ርዕሱን ብቻ አሳይቶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ፋይል ሲጭኑ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፣ ሂሳብ ሰራተኛዋ ልታለቅስ ደርሳ ነበር ምክንያቱም ሪፖርት የምትጭነው የግድ በዛው ሳይት ነው። ኬብል ቀየርን፣ ስዊች ቀየርን፣ ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረግን። በመጨረሻ ችግሩ ትልልቆቹ ፓኬቶች በጠባቡ በር አልገባ ማለታቸው ሆነ፣ «ጠባብ ነው አሳንስ» የሚለውን መልእክት ደግሞ መንገድ ላይ አንድ ፋየርዎል ይጥለዋል። ራውተሩ ላይ ኤምኤስኤስ የሚባለውን፣ አንድ ፓኬት የሚይዘውን የዳታ ልክ፣ ወደ 1452 ዝቅ ሳደርገው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ተከፈተ።

ዲኤስኤል ፎረም (የዲኤስኤል ኩባንያዎች ማህበር ነው፣ በ2008 ስሙን ብሮድባንድ ፎረም ብሎ ቀይሯል) ከፒፒፒኦኢ መውጣት የፈለገው ግን በስምንት ባይቷ ብቻ አይደለም። ትልቁ ነገር ቴሌቪዥን ነው። አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ በአንድ ሰፈር ሺ ሰው ሲያየው በመልቲካስት አንዴ ተልኮ ቤቶቹ አጠገብ ሲደርስ ነው መባዛት ያለበት፣ ፒፒፒኦኢ ግን እያንዳንዱን ቤት ለብቻው በቧንቧ ውስጥ ስለሚያስገባው ጨዋታው ገና ከላይ፣ ከትልቁ እቃ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ቧንቧ ለየብቻ መገልበጥ አለበት። በዛ ላይ በ2006 ማህበሩ ቲአር 101 የሚባለውን ሰነድ አውጥቶ ከቤት እስከ ማዕከል ያለውን መንገድ ወደ ኢተርኔት ማዞር ጀምሯል። ታዲያ ፒፒፒውን ጥለን አይፒውን በቀጥታ በዲኤችሲፒ ብንሰጥስ አሉ፣ ቢሮ ውስጥ ላፕቶፕ ስትሰካ አድራሻ የሚሰጥህ ያው ዲኤችሲፒ ነው።

ችግሩ ዲኤችሲፒ ማነህ ብሎ አያውቅም። ፍጥረቱ እንደዛ ነው፣ የመጣ ሁሉ ቤተኛ ነው ብሎ ያምናል፣ በሁለቱም በኩል ነው ደግሞ፣ ሰርቨሩ ደንበኛውን ያምናል፣ ደንበኛውም የመለሰለትን ሁሉ ሰርቨር ነው ብሎ ያምናል። አንድ ጊዜ አንድ መስሪያ ቤት ጠዋት ግማሹ ሰው ኢንተርኔት የለኝም እያለ ሲጮህ ደረስኩ፣ የተቆረጠባቸውን ኮምፒውተሮች ሳይ አይፒያቸው በ192.168.1 ይጀምራል፣ የመስሪያ ቤቱ ደግሞ በ10 ነው የሚጀምረው። ለካ አንዱ ሰራተኛ ዋይፋይ እንዲደርሰው ብሎ ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ጠረጴዛው ስር ሰክቶ ሄዷል፣ ያቺ ትንሽ ራውተር ከትልቁ ሰርቨር ቀድማ እየመለሰች ለህንጻው ሁሉ የማያደርስ አድራሻ ስታድል አደረች። ፎቅ በፎቅ እየዞርኩ ነው ያገኘኋት። በ2001 ይሄን ሊፈታ የወጣ ሰነድ ነበረ፣ አርኤፍሲ 3118፣ ዲኤችሲፒን በቁልፍ ማስፈረም የሚል፣ ነገር ግን ቁልፉን አስቀድሞ ሁለቱም ጋ ማስቀመጥ ስለሚጠይቅ እኔ በስራ ዘመኔ አንድም ቦታ ሲሰራ አላየሁትም።

እና በ2007 ዲኤስኤል ፎረም ለአይኢቲኤፍ፣ የኢንተርኔትን ፕሮቶኮል ለሚጽፈው ስብስብ፣ ጥያቄ ጻፈ፣ ከፒፒፒ ወደ ዲኤችሲፒ ስንሻገር ደንበኛውን የምናረጋግጥበት መንገድ ስጡን የሚል። ሲስኮ ከሚባለው የኔትወርክ እቃ ኩባንያ ሰዎች የተጻፈ ድራፍትም (ገና ያልጸደቀ ረቂቅ) ቀረበ፣ ሀሳቡ ማነህ የሚለውን ራሱ ዲኤችሲፒ ውስጥ እንክተተው ነው። ዲኤችሲፒ በአራት መልእክት ነው የሚያልቀው፣ ደንበኛው ማን አለ ይላል፣ ሰርቨሩ ይሄ አድራሻ አለኝ ይላል፣ ደንበኛው ስጠኝ ይላል፣ ሰርቨሩ ያዝ ይላል። ድራፍቱ ሁለት አማራጭ አቀረበ፣ አንዱ ቻፕን በዲኤችሲፒ ኦፕሽን ውስጥ መጠቅለል፣ ሌላው ኢኤፒ የሚባለውን ሰፋ ያለ የማረጋገጫ ቋንቋ ተሸክመው የሚመላለሱ አዲስ መልእክቶች ከነዛ አራቱ መሃል ማስገባት። ዲሴምበር 2007 ቫንኩቨር ላይ 70ኛው የአይኢቲኤፍ ስብሰባ ሲደረግ ይሄ ነገር ትኩስ ነበር።

አይኢቲኤፍ እንዴት እንደሚወስን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል፣ በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ። ድምጽ አይሰጥም። አባል የሚባል የለም፣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከየትም ሆነህ ኢሜይል ዝርዝሩ ውስጥ ገብተህ ሀሳብህን መጻፍ ትችላለህ፣ ኩባንያህ ስንት ሰው ቀጥሮ እንደላከ አይቆጠርም። ስብሰባው ላይ ሰብሳቢው «ይሄን ሀሳብ የምትደግፉ» ሲል ሰዎቹ አፋቸውን ዘግተው እምምም ይላሉ፣ ከዛ «የምትቃወሙ» ይላል፣ ያኛው ወገን እምምም ይላል። የሚፈለገው ብዛቱ አይደለም፣ አንድ ሰው ብቻውን ቢቃወምም ያነሳው ነጥብ መልስ ካላገኘ ነገሩ አላለቀም። ሽማግሌ ሲቀመጥ እንደምናውቀው ነው፣ ሁሉም እስኪናገርና ቅር ያለው እስኪሰማ ድረስ አይነሳም።

የተቃወሙት ያነሱት ነጥብ ከባድ ነበር። እኔን መጀመሪያ ያሳመነኝ የአቅጣጫው ነገር ነው። በኢኤፒ የሚጠይቀው በረኛው ነው፣ መልስ ከዘገየም ጥያቄውን የሚደግመው እሱ ነው። በዲኤችሲፒ ደግሞ ጀማሪው ደንበኛው ነው፣ ካልተመለሰለት የሚደግመውም ደንበኛው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታደርጋቸው አንድ ፓኬት መንገድ ላይ ቢጠፋ ማን ነው የሚደግመው? ሁለቱም ይደግማሉ ወይ ሁለቱም ይጠባበቃሉ። ኔትወርክ የሰራ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ ላብራቶሪ ውስጥ ይሰራል፣ ዝናብ ሲዘንብና መስመሩ ሲንተፋተፍ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ሁለተኛው መጠን ነው። አንድ የዲኤችሲፒ ኦፕሽን 255 ባይት ነው የሚይዘው፣ ደንበኛው የግድ መቀበል ያለበት መልእክትም 576 ባይት ብቻ ነው። ኢኤፒን በሰርተፊኬት (የዲጂታል መታወቂያ በለው)፣ በቲኤልኤስ፣ ዳታን በሚስጥር በሚቆልፈው ፕሮቶኮል፣ ልትጠቀም ካልክ አንዱ ሰርተፊኬት ብቻውን ከሺ ባይት ሊያልፍ ይችላል፣ ሰንሰለቱ ሲጨመር ደግሞ ብዙ ዙር መመላለስ ይመጣል። ለአራት ቃል ሰላምታ የተሰራውን ነገር የፍርድ ቤት ክርክር ልታካሂድበት ነው። በመሃል ደግሞ ሪሌይ የሚባሉ እቃዎች አሉ፣ አራቱን መልእክት ብቻ እያወቁ የሚያስተላልፉ፣ አዲሱ መልእክት ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉት አይታወቅም።

ሶስተኛው ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፣ አይፒቪ6፣ አዲሱ የአይፒ አድራሻ አይነት። አይፒቪ6 ላይ አንድ እቃ ዲኤችሲፒን ጨርሶ ሳይጠይቅ ራውተሩ የሚያሰማውን ማስታወቂያ ሰምቶ አድራሻውን ራሱ መስራት ይችላል። በረኛውን አድራሻ አዳዩ ወንበር ላይ ካስቀመጥከው አድራሻውን ራሱ ለሚሰራ ሰው በረኛ የለም ማለት ነው፣ ያንኑ ስራ እንደገና ልትሰራው ነው። አድራሻ ማደል አንድ ስራ ነው፣ ማነህ ማለት ሌላ ስራ ነው። ፒፒፒ ሁለቱንም ይሰራ የነበረው በየተራ፣ ለየራሳቸው ክፍል ሰጥቶ ነው፣ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዛ አድራሻ። ድራፍቱ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ነው የከተታቸው።

ከዚህ ሌላ አማራጭ ነበረ፣ ፓና ይባላል፣ ማረጋገጫውን ለብቻው ከዲኤችሲፒ ውጪ፣ በአይፒ ላይ (ዩዲፒ በሚባለው) የሚያመላልስ ፕሮቶኮል ነው፣ ሜይ 2008 አርኤፍሲ 5191 ሆኖ ወጣ። ድራፍቱን የተቃወሙት ብዙዎቹ ለዚህ ስራ ብለን እኮ ፓናን እየጻፍን ነው ይሉ ነበር። የዲኤስኤል ሰዎች ደግሞ አልተዋጠላቸውም፣ ምክንያታቸውም ዝም ብሎ ግትርነት አልነበረም፣ ፓና ለመነጋገር መጀመሪያ የሆነ አድራሻ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለደንበኛው ጊዜያዊ አድራሻ ሰጥተህ፣ ጠይቀህ፣ ከዛ ትክክለኛውን ልትቀይርለት ነው፣ ስንት ሚሊዮን ቤት ውስጥ ያለ ርካሽ ራውተር ይሄን ሁሉ ሊያደርግ ነው? እነሱ የሚፈልጉት ትንሽ ለውጥ፣ በአንድ ሶፍትዌር ማዘመኛ የሚያልቅ ነገር ነው። እውነት ለመናገር እኔ ስራው ላይ ስለሆንኩ አዝንላቸዋለሁ፣ ወረቀት ላይ ንጹህ የሆነ ዲዛይን መሰላል ላይ ቆሞ ራውተር ለሚያስተካክለው ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ቢሆንም እዛ ብኖር የተቃውሞው ጊዜ ነበር እምምም የምለው። ትንሽ ለውጥ የሚባለው ነገር በኛ ስራ በጣም ያስፈራኛል። ፒፒፒኦኢ ራሱ እኮ ትንሽ ለውጥ ነበር፣ ለጊዜው ያለውን ስርዓት እንዳለ እናሻግረው ተብሎ የተሰራ፣ ይሄው ከስንት ዓመት በኋላ ሂሳብ ሰራተኛ ያስለቅሳል።

ድራፍቱ አርኤፍሲ ሳይሆን ጊዜው አልፎበት ቀረ። ፓናም የዲኤስኤል ቤቶች ውስጥ አልገባም፣ እንጀራውን ሌላ ቦታ ነው ያገኘው፣ ጃፓን ውስጥ የመብራት ስማርት ቆጣሪ ከቤቱ እቃ ጋር ሲነጋገር በፓና ነው የሚጠያየቀው። አቅራቢዎቹ ግማሹ በፒፒፒኦኢ ላይ ቆየ፣ ፋይበር ሲዘረጋም ይዞት ገባ። ሌላው ግማሽ ዲኤችሲፒን ይዞ ከ2001 ጀምሮ የነበረውን ኦፕሽን 82 ተጠቀመ። ኦፕሽን 82 ማለት ደንበኛው ማን አለ ብሎ ሲጠይቅ መሃል ላይ ያለው የአቅራቢው እቃ «ይሄ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ካርድ፣ ከዚህ ፖርት ነው» የሚል ማስታወሻ ይለጥፍበታል፣ ሰርቨሩ ማስታወሻውን አይቶ የማን ቤት እንደሆነ ያውቃል፣ ዩዘርኔም የለም፣ ፓስዎርድ የለም። ይሄ የእማማ መልስ ነው በቃ፣ ገመዱ የሳቸው ከሆነ ገመዱ ይመስክር።

ለእንደሳቸው አይነት ቤት ትክክለኛው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅ ሪሴት ቢያደርገው ምንም አይሆንም፣ ራውተሩ ተነስቶ አድራሻ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል፣ አለቀ። ከቨርጂኒያ የሚመጣው ስልክ በአንዲት ዜሮ ላይ አይንጠለጠልም።

ግን ገመድ የሚመሰክረው ስለገመድ ብቻ ነው። ማስታወሻውን የሚለጥፈው እቃ ያለበትን ሳጥን ከፍቶ የጎረቤቱን መስመር ወደራሱ ያዞረ ሰው በጎረቤቱ ስም ነው የሚገባው። ቴክኒሻኑም ሁለት መስመር ቢያቀያይር የአንዱ ቤት ሂሳብ ሌላው ቤት ሄዶ ቁጭ ይላል፣ እንደዚህ የሆነ ቤት አይቻለሁ፣ ያልተጠቀሙበት ሂሳብ እየመጣባቸው ለማስረዳት ሲመላለሱ ጫማቸው አለቀ። የህንጻ ዋይፋይ፣ የተማሪ ማደሪያ፣ የሆቴል መስመር ላይ ደግሞ አንድ ገመድ ብዙ ሰው ነው የሚጠቀመው፣ እዛ ገመዱን መጠየቅ ምንም አይነግርህም፣ እዛ ሰውየውን ወይም እቃውን በትክክል መጠየቅ አለብህ፣ ለሱ ነው ኢኤፒ የተሰራው።

እና መጠየቁ የሁለቱም ወገን መሆን አለበት፣ ይሄን ሰው ይረሳዋል። ሲም ካርድን እዩት፣ ሚስጥሩ ካርዱ ውስጥ ተቀብሯል፣ እማማ ፓስዎርድ ሳያስገቡ ስልካቸው ይሰራል። ድሮ በጂኤስኤም፣ በሁለተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ግን ኔትወርኩ ስልኩን ይጠይቃል እንጂ ስልኩ ኔትወርኩን አይጠይቅም ነበር፣ የውሸት አንቴና የሚተክሉ ሰዎች የገቡት በዚች ቀዳዳ ነው፣ በሶስተኛው ትውልድ ስልኩም ኔትወርኩን እንዲጠይቅ ተደርጎ ተደፈነች። ፒፒፒኦኢ ላይ ቀዳዳዋ አሁንም አለች፣ ራውተሩ «ማን አለ» ብሎ ሲጣራ እዛው ኔትወርክ ላይ ያለ ማንም ቀድሞ «እኔ» ካለው በፓፕ ፓስዎርዱን ያስረክበዋል።

ደግሞ ሬዲየስ። ጁላይ 2024 ላይ ተመራማሪዎች ብላስት ሬዲየስ የሚባለውን ጥቃት አወጡ፣ በአቅራቢው እቃና በሬዲየስ ሰርቨሩ መሃል የገባ ሰው ይመለስ የሚለውን መልስ ይግባ ወደሚል መቀየር እንደሚችል አሳዩ፣ ምክንያቱም መልሱ የተፈረመው በዛው ባረጀው ኤምዲ5 ነው። በፓፕም በቻፕም የሚገባውን ይነካል፣ በኢኤፒ የሚገባው ግን መልእክቱ ላይ ተጨማሪ ፊርማ የግድ ስላለበት አልተነካም። ሬዲየስን በቲኤልኤስ ውስጥ አሳልፉ የሚለው አርኤፍሲ 6614 ደግሞ የወጣው ገና በ2012 ነው። ያኔ ለጊዜው ተብሎ ቻፕ ዲኤችሲፒ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያንኑ ኤምዲ5 ከሁለተኛ ቦታ ላይ ስንነቅል ነበር የምንውለው። ኔትወርክ የምትሰሩ ልጆች ይሄን የምታነቡ ከሆነ ሬዲየሳችሁ ተዘምኗል ወይ፣ ሜሴጅ ኦተንቲኬተር የሚለው (ያ ተጨማሪ ፊርማ ነው) ግዴታ ተደርጓል ወይ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ እዩት።

ለእማማ ይሄን ሁሉ አልነገርኳቸውም። «ድሮ በስልክ ተደውሎ ይገባ ስለነበር ነው እማማ፣ ያኔ ማን እንደደወለ አይታወቅም፣ ጥያቄው ከዛ የቀረ ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ አሁን ማን እንደሆንኩ እያወቀ ነዋ የሚጠይቀኝ» አሉ። አዎ አልኳቸው። ቡና ቀርቦ ነበር፣ ሁለተኛውን ጠጥቼ ስነሳ ወረቀቷን መልሰው አራት ቦታ ሊያጥፏት ሲሉ ተቀበልኳቸውና ከጀርባዋ በትልልቁ፣ ላቲኑን አንድ በአንድ እያራራቅኩ፣ ዩዘርኔሙንና ፓስዎርዱን እንደገና ጻፍኩላቸው፣ ከአንዷ ምልክት ስር ቀስት አድርጌ «ይቺ ዜሮ ናት» አልኩ። ልጁ መርፌውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። እማማ መርፌዋን ተቀብለው ጋቢያቸው ላይ ሰኩ፣ ወረቀቷን ፖስታው ውስጥ ከጉርድ ፎቶው ጋር ከተቷት፣ ዳንቴሉንም መልሰው አለበሱት።